ከመንግሥታት ባሻገር፦ የአየር ንብረት ለውጥን በመከላከል ረገድ የከተሞች፣ የክልሎች፣ የማኅበረሰቦችና የኩባንያዎች ድርሻ

የአየር ንብረት ለውጥ ሲነሣ በቅድሚያ የሚታወሰው የአገሮች መሪዎችና ተደራዳሪዎች በየዓመቱ የሚያካሂዱት ጉባዔ ነው። ይሁን እንጂ ሙቀት አማቂ ጋዞች የሚለቀቁትም ሆነ የሚቀነሱት በከተማ መንገድ፣ በፋብሪካ፣ በቆሻሻ መጣያ ሥፍራ፣ በእርሻ ማሳና በተራራ ላይ በመሆኑ የስምምነቶቹ አፈጻጸም በአብዛኛው ከማዕከላዊ መንግሥት በታች ወይም ውጭ በሚገኙ አካላት እጅ ነው። የከተማ አስተዳደሮች፣ ክልሎች፣ የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ ኩባንያዎች፣ ባንኮች፣ ፍርድ ቤቶችና የሲቪክ ማኅበራት በዚህ ዘርፍ የሚኖራቸው ሚና ካለፉት ሦስት አሥርት ዓመታት ወዲህ በስፋት እየጎላ መጥቷል።

ይህ ጽሑፍ የእነዚህ አካላት ተሳትፎ እንዴት እንደተጀመረ፣ በተግባር ምን እንዳስገኘ፣ ደካማ ጎኑ የት ላይ እንደሆነና በየእርከኑ ለሚገኙ የመንግሥት ኃላፊዎችና ሠራተኞች ምን ትርጉም እንዳለው በአጭሩ ያስረዳል።

የመንግሥታቱ ስምምነት መነሻና ወሰን

የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ማዕቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1992 በሪዮ ዲጄኔሮ ለፊርማ ቀርቦ በ1994 በሥራ ላይ ውሏል። እ.ኤ.አ. በ1997 የጸደቀውና በ2005 በሥራ ላይ የዋለው የኪዮቶ ፕሮቶኮል ያደጉ አገሮች ልቀታቸውን በተወሰነ መጠን እንዲቀንሱ ግዴታ ጥሎባቸው ነበር። ሁለቱም ሰነዶች ተዋዋይ ወገን ብለው የሚያውቁት መንግሥታትን ነው። የዓለም አቀፍ በረራና የባሕር ትራንስፖርት ልቀት ግን ለአንድ አገር ብቻ ሊመዘገብ ስለማይችል፣ የኪዮቶ ፕሮቶኮል ጉዳዩ በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅትና በዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት በኩል እንዲታይ አድርጓል። ይህም ከመጀመሪያው አንሥቶ በአገሮች ወሰን ብቻ የማይያዝ ልቀት መኖሩን ያመለከተ ነበር።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2009 በኮፐንሃገን የተካሄደው ጉባዔ ሁሉንም አገሮች የሚያስተሳስር ስምምነት ሳይደረስበት ተጠናቀቀ። በዚሁ ዓመት የምጣኔ ሀብት የኖቤል ሽልማት ያገኙት አሜሪካዊቷ ምሁር ኤሊኖር ኦስትሮም፣ ዓለም አቀፍ ስምምነት እስኪገኝ ድረስ እጅን አጣጥፎ መጠበቅ አደገኛ መሆኑን ለዓለም ባንክ ባዘጋጁት ጽሑፍ አስረድተዋል። ምሁሯ ስለ ጋራ ግጦሽ፣ ስለ መስኖና ስለ ደን አጠቃቀም ያካሄዱትን የረጅም ጊዜ ጥናት መሠረት በማድረግ፣ አንድ ማዕከል ብቻ ከሚመራው ሥርዓት ይልቅ በየደረጃው የየራሳቸው ሥልጣን ያላቸው ብዙ ማዕከላት ተደጋግፈው የሚሠሩበት አስተዳደር ለአየር ንብረት ለውጥም እንደሚበጅ ጠቁመዋል። ይህ አስተሳሰብ ዛሬ ከመንግሥታት ባሻገር ለሚደረገው እንቅስቃሴ ዋነኛ የንድፈ ሐሳብ መሠረት ሆኖ ይጠቀሳል።

ዕውቅና የተገኘበት ሂደት

እ.ኤ.አ. በ2014 በፔሩ ርዕሰ ከተማ ሊማ በተካሄደው 20ኛው የአባል አገሮች ጉባዔ፣ ከተሞች፣ ክልሎች፣ ኩባንያዎችና ባለሀብቶች የገቡትን ቃል የሚያስመዘግቡበት ዓለም አቀፍ መዝገብ ተከፈተ። በቀጣዩ ዓመት የፓሪስ ስምምነት ሲጸድቅ፣ ስምምነቱን ያስተዋወቀው የጉባዔው ውሳኔ ተዋዋይ ያልሆኑ ባለድርሻ አካላትን የሚመለከት ራሱን የቻለ ክፍል እንዲይዝ ተደረገ። ውሳኔው የከተሞችን፣ የክልሎችን፣ የግሉን ዘርፍ፣ የፋይናንስ ተቋማትንና የሲቪክ ማኅበራትን ጥረት በበጎ ተቀብሎ፣ የአካባቢ ማኅበረሰቦችና የነባር ሕዝቦች ዕውቀት እንዲጠናከር ጠይቋል። ጥረቱን የሚያስተባብሩ ሁለት ከፍተኛ ተጠሪዎች እንዲሰየሙም ወስኗል። እ.ኤ.አ. በ2016 በሞሮኮ የተካሄደው ጉባዔ ደግሞ የማራካሽ አጋርነት የተሰኘውን የትብብር ማዕቀፍ አቋቁሟል።

እዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው ቁም ነገር፣ እነዚህ አካላት ዕውቅና ቢያገኙም ተዋዋይ ወገን አለመሆናቸው ነው። ድምፅ አይሰጡም፤ ቃላቸውን ባይጠብቁም በስምምነቱ መሠረት የሚጠየቁበት ሥርዓት የለም። በዓለም አቀፍ ደረጃ ተጠሪ ሆኖ የሚቀጥለው የአገሩ መንግሥት ነው።

ከተሞች

የአየር ንብረት ለውጥን የሚያጠናው የመንግሥታት የጋራ የሳይንስ ጉባዔ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2020 ከዓለም የሙቀት አማቂ ጋዞች ልቀት ውስጥ ከ67 እስከ 72 በመቶ የሚሆነው ከከተሞች ፍጆታ ጋር የተያያዘ መሆኑን ገምቷል። ስለዚህም ከተሞች በመስኩ ቀዳሚውን ሥፍራ መያዛቸው የሚጠበቅ ነው።

የከተሞች ትብብር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990 በኒውዮርክ በተመሠረተው ዓለም አቀፍ የአካባቢ መስተዳድሮች ምክር ቤት አማካይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወቅቱ የለንደን ከንቲባ ኬን ሊቪንግስተን የ18 ታላላቅ ከተሞችን ተወካዮች ጠርተው የመሠረቱት ስብስብ በቀጣዩ ዓመት አባላቱ 40 በመድረሳቸው ሲ 40 የሚለውን ስያሜ አግኝቷል። ዛሬ ወደ 100 የሚጠጉ ከተሞችን ያቀፈ ሲሆን አዲስ አበባ፣ ናይሮቢ፣ ሌጎስ፣ ዳሬሰላም፣ አክራ፣ ፍሪታውን፣ ዳካር፣ ኬፕታውንና ጆሃንስበርግ ከአፍሪካ አባላቱ መካከል ይገኛሉ። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረው የከንቲባዎች ቃል ኪዳንም ከሌላ ተመሳሳይ ስብስብ ጋር ተዋህዶ በዓለም ዙሪያ ከአሥር ሺህ በላይ አነስተኛና ትላልቅ ከተሞችን ያሰባስባል።

የከተሞች ሥራ በትራንስፖርት፣ በሕንፃ ግንባታ፣ በኃይል አጠቃቀምና በቆሻሻ አወጋገድ ላይ ያተኩራል። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 ያስመረቀችው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቀላል ባቡር በቀጣዩ ዓመት በትራንስፖርት ዘርፍ የሲ 40 ተሸላሚ አድርጓታል። ከተማዋ በኋላም የራሷን የአየር ንብረት ለውጥ የድርጊት መርሐ ግብር አዘጋጅታለች።

የከተማ አስተዳደር ለአየር ንብረት የሚያደርገው ጥረት ከነዋሪው ሕይወት የማይለይ መሆኑን በጉልህ ያሳየው የቆሼ አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 በአዲስ አበባ የቆሼ ቆሻሻ መጣያ በደረሰው መደርመስ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። አየር ሳያገኝ ተቆልሎ የሚበሰብስ ቆሻሻ ሚቴን የተባለውን ኃይለኛ ሙቀት አማቂ ጋዝ ያመነጫል። ክምሩ ከመጠን በላይ ሲያድግም በሥሩ ለሚኖሩ ሰዎች ከፍተኛ ሥጋት ይሆናል። ከአደጋው በኋላ በተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራምና በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ፉኩኦካ የተሰኘው ዘዴ በሥፍራው ተሞክሯል። ዘዴው በክምሩ ውስጥ በሚዘረጉ ቧንቧዎች ፍሳሹን እያስወጣ አየር እንዲገባ በማድረግ የሚቴን መጠንን ይቀንሳል። በዚያው አካባቢ የተገነባውና ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የረጲ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2018 ተመርቋል። የቆሼ ጉዳይ የሚያስገነዝበው፣ ልቀትን መቀነስና የዜጎችን ደኅንነት መጠበቅ በአብዛኛው የአንድ የሥራ ክፍል ተግባር መሆናቸውን ነው።

ክፍለ ግዛቶችና ክልሎች

በፌዴራል ሥርዓት የሚተዳደሩ አገሮች ውስጥ ክፍለ ግዛቶች ሕግ የማውጣት ሥልጣን ስላላቸው፣ ሚናቸው ከከተሞች የሚሰፋበት ሁኔታ አለ። በዚህ ረገድ በስፋት የሚጠቀሰው የካሊፎርኒያ ተሞክሮ ነው። ግዛቲቱ እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ ሕግ ልቀቷን በ2020 ወደ 1990 መጠን ለመመለስ ወስና፣ ግቡን ከጊዜው አራት ዓመት ቀድማ እ.ኤ.አ. በ2016 አሳክታለች። እ.ኤ.አ. በ2013 የልቀት ጣሪያና የፈቃድ ግብይት ሥርዓት የጀመረች ሲሆን፣ በቀጣዩ ዓመት ሥርዓቱን ከካናዳዋ ኩቤክ ጋር አስተሳስራለች። በዚህም በሁለት የተለያዩ አገሮች የሚገኙ ክፍለ ግዛቶች የጋራ የካርበን ገበያ ሊያቋቁሙ እንደሚችሉ ታይቷል።

አሜሪካ ከፓሪስ ስምምነት እንደምትወጣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 1 ቀን 2017 ባስታወቀችበት ዕለት፣ የካሊፎርኒያ፣ የኒውዮርክና የዋሽንግተን ግዛቶች አስተዳዳሪዎች የስምምነቱን ግቦች ለማክበር ኅብረት መሠረቱ። ኅብረቱ በኋላ ከ20 በላይ ግዛቶችን አቅፏል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ ስምምነቱ ከተመለሰች በኋላ በጥር 2025 ዳግም ለመውጣት ወስና፣ ውሳኔው በጥር 2026 የጸና ሲሆን፣ ግዛቶቹ በራሳቸው ሕግ የያዟቸውን ፕሮግራሞች ቀጥለዋል።

ይሁንና የክፍለ ግዛት ሥልጣን ወሰን አለው። የአሜሪካ ኮንግረስ ያሳለፈውና ፕሬዚዳንቱ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 የፈረሙት ውሳኔ፣ ካሊፎርኒያ የራሷን ጥብቅ የተሽከርካሪ ልቀት ደንብ እንድታወጣ የተሰጣትን ፈቃድ ሽሯል፤ ግዛቲቱም ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወስዳዋለች። ከዚህ መረዳት የሚቻለው፣ በበታች እርከን የሚወሰድ እርምጃ ጽናት የሚኖረው የሥልጣን ክፍፍሉ በሕግ በግልጽ ሲቀመጥ መሆኑን ነው።

በአገራችን የትግራይ ክልል ሕዝብ በየዓመቱ ያለ ክፍያ በሚያበረክተው የጉልበት ሥራ ያከናወነው የአፈርና ውኃ ጥበቃ እ.ኤ.አ. በ2017 በረሐማነትን ለመከላከል ለሚወጡ ፖሊሲዎች የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የወርቅ ሽልማት አስገኝቷል። በዚሁ ክልል የምትገኘው የአብርሃ ወአጽብሃ ቀበሌ ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. በ2012 የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚያስተባብረውን የኢኳቶር ሽልማት አግኝቷል። የኦሮሚያ ክልል ደግሞ በዓለም ባንክ ባዮካርበን ፈንድ በሚደገፈው የደን መልክዓ ምድር ፕሮግራም አማካይነት በክልል ደረጃ የተለካ የልቀት ቅነሳ የሚያስመዘግብበትን መንገድ ጀምሯል። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ2023 በውጤት ላይ የተመሠረተ እስከ 40 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ የግዥ ስምምነት ተፈርሟል።

ማኅበረሰቦች፦ የሁምቦ ተሞክሮ

በማኅበረሰብ ደረጃ የሚካሄድ ሥራ ከዓለም አቀፍ ሥርዓት ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ለመረዳት በወላይታ የሚገኘው የሁምቦ ፕሮጀክት ጥሩ ምሳሌ ነው። የሁምቦ ተራራ ደኑ ተመንጥሮ ለረጅም ጊዜ የተራቆተ ሲሆን፣ ጎርፍና የአፈር መሸርሸር በሥሩ ያሉትን ማሳዎች ሲጎዳ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በወርልድ ቪዥን ድጋፍ በተካሄደው ሥራ 2,728 ሔክታር መሬት ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ተከለለ። ከአዲስ ችግኝ ተከላ ይልቅ ቅድሚያ የተሰጠው በሕይወት ያሉ ጉቶዎች የሚያወጡትን ቀንበጥ እየመረጡ፣ እየገረዙና እየጠበቁ ማሳደግ ነበር። ይህ ዘዴ ወጪው አነስተኛ ከመሆኑም በላይ አገር በቀል ዛፎች በፍጥነት እንዲያገግሙ ያስችላል።

ሥራውን የሚመሩ ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው የመሬቱ የተጠቃሚነት መብት በሕግ ተረጋግጦላቸዋል። ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2009 በኪዮቶ ፕሮቶኮል የንጹህ ልማት ሥልት ተመዝግቦ በአፍሪካ የመጀመሪያው ሰፊ የደን ፕሮጀክት ለመሆን በቅቷል። በ30 ዓመታት ውስጥ 880 ሺህ ቶን ካርበን ዳይኦክሳይድ እንደሚይዝ የተገመተ ሲሆን፣ የዓለም ባንክ ባዮካርበን ፈንድ ከዚህ ውስጥ 165 ሺህ ቶን የሚሆነውን ለመግዛት ተስማምቷል። ከሽያጩ ቢያንስ በአሥር ዓመታት ውስጥ ከ700 ሺህ ዶላር በላይ ለማኅበረሰቡ እንደሚገኝ ተገልጾ ነበር።

ይህ አኃዝ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባዋል። ገቢው ለአንድ ቶን ከአራት ዶላር ጥቂት ከፍ የሚል ነው። ለሰባቱ ማኅበራት በእኩል ቢከፋፈል ለአንድ ማኅበር በዓመት 10 ሺህ ዶላር ያህል ይደርሳል ማለት ነው። ለወፍጮ ወይም ለእህል መጋዘን የሚረዳ ገንዘብ ቢሆንም ብቻውን የአንድን አካባቢ ኑሮ አይለውጥም። ለገበሬው የቀረበው ጥቅም ታጭዶ ለከብት የሚቀርበው ሣር፣ ከግርዛት የሚገኘው ማገዶና የአፈሩ መጠበቅ ነው። በመሆኑም የካርበን ሽያጭን እንደ ዋነኛ ተስፋ አድርጎ ማቅረብ ማኅበረሰቡን ለቅሬታ ሊዳርግ ይችላል።

ከገበያውም አንጻር ገደብ ነበር። ደን ሊቃጠል ወይም ሊቆረጥ ስለሚችል በንጹህ ልማት ሥልት ለደን ፕሮጀክቶች የሚሰጠው የምስክር ወረቀት ጊዜያዊ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት የልቀት ግብይት ሥርዓትም ከደን የሚገኙ የምስክር ወረቀቶችን አይቀበልም ነበር። ስለዚህ የገዥዎች ቁጥር አነስተኛ ሆኖ ቆይቷል።

ማኅበረሰቦች የጋራ ሀብትን በራሳቸው ደንብ የመጠበቅ ልምድ ግን ከካርበን ገበያ የቀደመ ነው። በሰሜን ሸዋ የመንዝ ጓሳን የአካባቢው ሕዝብ ለዘመናት አለቃ እየመረጠ፣ ግጦሹንና የሣር አጨዳውን ለዓመታት እየዘጋና በተወሰነ ጊዜ እየከፈተ ሲጠብቀው ኖሯል። ነባሩ ሥርዓት ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ቢቋረጥም፣ የአካባቢው ነዋሪዎች ቆይተው በኮሚቴ አማካይነት ጥበቃውን አድሰውታል። ሥፍራው ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ የሚገኙበት የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ነው።

ኩባንያዎችና የቁጥጥር ጥያቄ

በግሉ ዘርፍ በኩል ብዙ ኩባንያዎችና ባንኮች እ.ኤ.አ. በ2050 የተጣራ ልቀታቸውን ዜሮ ለማድረስ ቃል ገብተዋል። የኩባንያ ልቀት በሦስት ወሰኖች ተከፍሎ ይለካል፤ የመጀመሪያው ከራሱ ማሽኖችና ተሽከርካሪዎች የሚወጣ፣ ሁለተኛው ከሚገዛው የኤሌክትሪክ ኃይል የሚመጣ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከግብዓት አቅራቢዎቹና ከምርቱ ተጠቃሚዎች የሚመነጭ ነው። በብዙ ዘርፎች ትልቁ ድርሻ ያለው በሦስተኛው ወሰን ውስጥ ሲሆን፣ በሪፖርት ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውም ይኸው ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ያቋቋሙትና በቀድሞዋ የካናዳ የአካባቢ ሚኒስትር ካትሪን ማኬና የተመራው የባለሙያዎች ቡድን፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 በሻርም ኤልሼክ አሥር ምክረ ሐሳቦችን የያዘ ሪፖርት አቅርቧል። የሪፖርቱ መልእክት ግልጽ ነበር፦ በአዳዲስ የድንጋይ ከሰል፣ የነዳጅና የጋዝ ልማት ላይ ገንዘብ እያፈሰሱ የተጣራ ዜሮ ልቀት ቃል መግባት ተቀባይነት የለውም። ራስን በመለወጥ ፈንታ ርካሽ የካርበን የምስክር ወረቀት መግዛትም ለቅነሳ ምትክ ሊሆን አይችልም። ሪፖርቱ በበጎ ፈቃድ ላይ የተመሠረተው አሠራር ቀስ በቀስ በሕግ ቁጥጥር እንዲተካም አሳስቧል።

ይህ ማሳሰቢያ አግባብነት እንዳለው በኋላ የታዩ ክስተቶች አረጋግጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 በተባበሩት መንግሥታት ድጋፍ የተቋቋመው የባንኮች የተጣራ ዜሮ ልቀት ኅብረት፣ ታላላቅ የአሜሪካ ባንኮች ከለቀቁት በኋላ በጥቅምት 2025 ሥራውን አቁሟል። በበጎ ፈቃድ የተገባ ቃል የፖለቲካው አየር ሲለወጥ በቀላሉ ሊተው እንደሚችል ይህ ማሳያ ነው።

ዜጎችና ፍርድ ቤቶች

ፍርድ ቤቶችም ከጊዜ ወደ ጊዜ የአየር ንብረት አስተዳደር አካል እየሆኑ መጥተዋል። በኔዘርላንድስ ኡርጌንዳ የተባለው ድርጅት ከ886 ዜጎች ጋር በመሆን ባቀረበው ክስ፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 መንግሥት ልቀቱን እስከ 2020 ከ1990 መጠን ቢያንስ በ25 በመቶ እንዲቀንስ የተሰጠውን ውሳኔ አጽንቷል። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024፣ አረጋውያን ሴቶች ማኅበር በስዊዘርላንድ ላይ ባቀረበው አቤቱታ ለማኅበሩ ፈርዷል።

ከሁሉም የላቀው ደግሞ በደቡብ ፓስፊክ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 የጀመሩት እንቅስቃሴ ነው። የቫኑዋቱ መንግሥት ሐሳባቸውን ተቀብሎ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባዔ በመውሰዱ፣ ጉባዔው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 ጥያቄውን ለዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት መርቶታል። ፍርድ ቤቱ በሐምሌ 2025 በሰጠው የምክር አስተያየት፣ መንግሥታት የአየር ንብረት ሥርዓትን ከጉዳት የመጠበቅ ሕጋዊ ግዴታ እንዳለባቸውና የግል ኩባንያዎችን አለመቆጣጠርም በኃላፊነት ሊያስጠይቅ እንደሚችል አስታውቋል። በአነስተኛ ደሴቶች ተማሪዎች የተነሣ ጥያቄ የመንግሥታትን ግዴታ እስከማብራራት መድረሱ የሲቪል ኅብረተሰቡን አቅም ያሳያል።

የኢትዮጵያ የሕግ ማዕቀፍና የአስተዳደር እርከኖች

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ሁሉም ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ሲደነግግ፣ አንቀጽ 92 የአካባቢ ደኅንነት ጥበቃ ዓላማዎችን ይዘረዝራል። አንቀጽ 52 ክልሎች የፌዴራል መንግሥት በሚያወጣው ሕግ መሠረት መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን የማስተዳደር ሥልጣን ይሰጣቸዋል። የአካባቢ ጥበቃ አካላት ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 295/1995 በክልሎች የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች፣ በዘርፍ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ የአካባቢ የሥራ ክፍሎች እንዲኖሩ አስቧል። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበራትና የመንግሥት ደን በማለት አራት የይዞታ ዓይነቶችን ዕውቅና ሰጥቷል። የሁምቦ ማኅበራት ያገኙት ዓይነት መብት በአገር አቀፍ ሕግ መሠረት እንዲይዝ በማድረጉ ይህ ድንጋጌ ትልቅ ፋይዳ አለው።

አገራዊ ግቡ እ.ኤ.አ. በ2011 በደርባን ይፋ በሆነው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ የተጀመረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የተሻሻለው አገራዊ አስተዋጽዖ ሰነድ በ2030 ሊደርስ ይችል ከነበረው የልቀት መጠን 68.8 በመቶ ለመቀነስ ያቀደ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ በአገር ውስጥ አቅም የሚከናወነው 14 በመቶ ነው። ቀሪው በዓለም አቀፍ ድጋፍ ላይ የተመሠረተ ነው። ይህ ማለት የግቡ ትልቁ ክፍል የሚፈጸመው ከውጭ የሚገኘው ገንዘብ እስከ ወረዳና ቀበሌ ሲደርስና በዚያ የተገኘው ውጤት ተለክቶ ወደ ማዕከል ሲመለስ ነው።

በየእርከኑ ሊጤኑ የሚገባቸው ነጥቦች

ከላይ ከተጠቀሱት ተሞክሮዎች በመነሣት፣ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከከተማ ኅብረት፣ ከካርበን ገዥ ወይም ከለጋሽ ድርጅት ጋር ከመስማማቱ በፊት ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ።

የመጀመሪያው የመብት ጥያቄ ነው። በመሬቱና በዛፉ ላይ መብት ያለው ማን እንደሆነ፣ ከካርበኑ የሚገኘው ገቢም የማን እንደሆነ በጽሑፍ ካልተረጋገጠ ገንዘቡ ሲመጣ አለመግባባት መከተሉ አይቀሬ ነው።

ሁለተኛው የልኬት ጥያቄ ነው። የመነሻው ልቀት ወይም የደን ሽፋን ሳይመዘገብ የተገኘ ውጤትን ማስረዳት አይቻልም። የተተከለ ችግኝ ቁጥር የጸደቀውን አይገልጽም፤ የጸደቀው ችግኝ ቁጥርም ብቻውን የተያዘውን የካርበን መጠን አያሳይም።

ሦስተኛው የድርብ ቆጠራ ጥያቄ ነው። በፓሪስ ስምምነት አንቀጽ 6 መሠረት አንድ ቅነሳ ወደ ሌላ አገር ግብ እንዲተላለፍ ከተፈቀደ፣ ሻጩ አገር ያንኑ ቅነሳ ለራሱ ግብ ሊቆጥረው አይችልም፤ በመዝገቡ ላይ ተመጣጣኝ ማስተካከያ ማድረግ ይኖርበታል። ስለዚህ አንድ ክልል ወይም ማኅበር የሚፈርመው ውል የአገሪቱን ግብ ሊነካ ስለሚችል የፌዴራሉን ተጠሪ መሥሪያ ቤት ቀድሞ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

አራተኛው የዘላቂነት ጥያቄ ነው። ለጋሹ ሲወጣ ጥበቃውን ማን እንደሚቀጥል፣ ወጪውም ከየትኛው በጀት እንደሚሸፈን ከመነሻው መታወቅ አለበት። ጓሳ ለዘመናት የተጠበቀው በውጭ ገንዘብ አልነበረም፤ ደንቡን ያወጣው ራሱ ተጠቃሚው ሕዝብ በመሆኑ ነው።

በቅርቡ የሚጠበቀው

የአፍሪካ ሁለተኛው የአየር ንብረት ጉባዔ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 በአዲስ አበባ ተካሂዷል። በኅዳር 2025 በብራዚል ቤሌም በተካሄደው 30ኛው የአባል አገሮች ጉባዔም፣ 32ኛው ጉባዔ እ.ኤ.አ. በ2027 በአዲስ አበባ እንዲስተናገድ ተወስኗል። በዚህ መድረክ ከመንግሥታት ተደራዳሪዎች ጎን ለጎን ከንቲባዎች፣ የክልል አስተዳዳሪዎች፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ የንግድ ተቋማትና ወጣቶች በብዛት እንደሚገኙ ከቀደሙት ጉባዔዎች ልምድ መረዳት ይቻላል።

እንግዶቹ ከአዳራሹ ውጭ የሚመለከቱት የከተማዋን ትራንስፖርትና የቆሻሻ አያያዝ፣ የክልሎችን ተፋሰሶችና ማኅበረሰቦች የጠበቋቸውን ደኖች ይሆናል። በመሆኑም ጉባዔው ከመድረሱ በፊት በየወረዳው የመሬት ተጠቃሚነት ሰነዶችን ማጥራት፣ የመነሻ መረጃዎችን ማደራጀትና የተገኙ ውጤቶችን በሦስተኛ ወገን ማስመርመር ከእያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የሚጠበቅ ተግባር ነው። መንግሥት በዓለም አቀፍ መድረክ የሚያቀርበው ሪፖርት ተአማኒነት የሚኖረው ከታች የሚላከው መረጃ ትክክለኛ ሲሆን ብቻ ነው።